ጠርሙሱ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ባዶ

"ደግሞ የጋዜጠኝነት ተማሪ ከራዲያተር ጋር ምን አገናኛት?" ብላችሁ ገጹን ከመገልበጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ብስክሌት ላይ ስላለች አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። አንዳንድ መካኒኮች ሪዘርቭ ይሏታል፤ በእንግሊዝኛው ሪከቨሪ ታንክ ትባላለች። እኔ በዚህ ጽሑፍ የኩላንት መመለሻ እላታለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልኳት በኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ነው። ወንድሜ የሚኖረው አርባ ምንጭ ነው። ባለ 200 ሲሲ ሞተር አለው፤ ዕቃ እያደረሰበት ሚስቱንና ልጁን የሚያስተዳድረው በሱ ነው። "ጨንቻን ሳላይ አልመለስም" ብዬ ስለጨቀጨቅኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከኋላው አፈናጦኝ ወጣን። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ጨንቻ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብላ ብርድ ውስጥ ተቀምጣለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሞተሩ በዚህች አጭር መንገድ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ፣ ከ1,400 ሜትር በላይ ይወጣል ማለት ነው።

አባያና ጫሞ ከታች ወለል ብለው መታየት ሲጀምሩ እኔ ሐይቁን ሳይ፣ ወንድሜ የሙቀት መብራቱን አየ። ቀይ ሆኗል። ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋው። ከራዲያተሩ በኩል እንፋሎት ይተናል። ጎንበስ ብሎ ከጎን በሽቦ የታሰረውን የሃይላንድ ጠርሙስ ተመለከተና "ውሃስ አለው እኮ፣ ሊሞላ ምንም አልቀረውም" አለ። እውነቱን ነው፤ አረንጓዴው ኩላንት እስከ ጠርሙሱ አንገት ድረስ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲሰድ በእግራቸው የሚያልፉ አንድ አባት "ተው ልጄ፣ ይቆይ! ፊትህን ያነሳዋል!" ብለው ጮኹበት። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ ነጠላዬን አጣጥፎ ክዳኑን ሲከፍተው ራዲያተሩ ከላይ ባዶ ነበር። ጣቱን ቢከት የሚነካው ነገር የለም።

ጠርሙሱ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ባዶ! የያዝነውን የመጠጥ ውሃ ጨምረን ቀስ እያልን ወደ አርባ ምንጭ ተመለስን። ጨንቻን ሳላያት ቀረሁ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ወረደ። ውሃው ካለ ለምን ወደሚፈለግበት አልሄደም?

ኩላንቱ ለምን ይወጣል፣ ለምንስ ይመለሳል?

በየመንገዱ የምናያቸው አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በአየር ነው። በሲሊንደራቸው ዙሪያ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩት ክንፎች ሙቀቱን ለነፋስ ያስረክባሉ። ጉልበት ለሚበዛበት ሞተር ግን ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ በሲሊንደሩና በቴስታታው ውስጥ ኩላንት ይዘዋወራል። ፖምፓው ይገፋዋል፣ ሙቀቱን ይዞ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ እዚያ በነፋስና በቬንቲላተር ይበርድና ተመልሶ ይገባል። ኩላንት የምንለው ብዙውን ጊዜ ውሃና ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ ግማሽ በግማሽ የተደባለቁበት ሲሆን፣ ዝገት የሚከላከሉ ቅመሞችም አሉበት።

ፈሳሽ ሲሞቅ ያብጣል። ንጹሕ ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ከ3 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ ግላይኮል ሲኖርበት ደግሞ ጭማሪው ወደ 4 ወይም 5 በመቶ ይጠጋል። 1.2 ሊትር ኩላንት የሚይዝ ሞተር ብንወስድ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ትርፍ ይኖረዋል፤ አንድ ስኒ ቡና አይሞላም። ይህች ከስኒ ያነሰች ትርፍ ግን መሄጃ ካላገኘች ቱቦ ታፈነዳለች።

የመሄጃውን በር የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ክዳን ማለት መክደኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ውስጡ ሁለት በር አለው። የመጀመሪያው በጠንካራ ሞላ የተያዘ ነው፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ብቻ ተከፍቶ ትርፉን በቀጭን ቱቦ ወደ መመለሻዋ ያስወጣል። በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ክዳን ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ይህም ከውጭው አየር ግፊት በላይ 1.1 ባር ገደማ እስኪደርስ በሩ ይዘጋል ማለት ነው። ሁለተኛው ትንሽ በር የሚከፈተው በተቃራኒው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ኩላንቱ ሲበርድ መጠኑ ይቀንሳል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ ያ ባዶነት ሁለተኛውን በር ከፍቶ ቅድም የወጣውን ፈሳሽ ከመመለሻዋ መልሶ ይስባል። ልክ በስትሮ እንደምንጠጣው ለስላሳ ማለት ነው።

ግፊቱ ለምን አስፈለገ? ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም ሲባል ሰምታችኋል። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በአርባ ምንጭ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ላይ ነው፤ በጨንቻ ከፍታ ደግሞ ወደ 91 ዲግሪ ላይ። ዳገት የሚወጣ ሞተር ኩላንት እዚህ ለመድረስ ምንም አይቸግረውም። ክዳኑ በደንብ ይዞ ግፊት ከጨመረለት ግን በጨንቻ ከፍታ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 117 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፤ ግላይኮሉ ደግሞ ከዚያ በላይ ያሻሽለዋል። አባታችን "ተው" ያሉትም ለዚህ ነው። በግፊት ታፍኖ ከመፍያው በላይ የሞቀ ፈሳሽ ክዳኑ በተከፈተበት ቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ ክዳኑን የከፈተው ሰው ፊትና እጅ ላይ ነው።

ስም ነገር ሲያበላሽ

ከዚህ ጉዞ ሦስት ሳምንት በፊት የወንድሜ ሞተር ቆሞ ሳለ ወድቆ መመለሻዋ ተሰነጠቀች። ሞተሩን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። እዚያ ያለው ልጅ "ይቺ ምን አላት! ትርፍ ውሃ መጣያ እኮ ናት" ብሎ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ አመጣ። ክዳኑን በጋለ ሚስማር በሳ፣ ቱቦውን ሁለት ጣት ያህል አስገባ፣ ጠርሙሱን በኩላንት እስከ ግማሽ ሞላና ማርሚታው አጠገብ በሽቦ አሰረው። ወንድሜም አመስግኖ ሄደ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይቺን ዕቃ ግን ማን ስም እንዳወጣላት እንጃ። "መጣያ" ካልናት መጣያ አድርገን እንሠራታለን፤ የሚጣል ነገር ደግሞ ወደ ላይ አይመለስም፤ ስለዚህ የቱቦው ጫፍ የት እንደሚያርፍ ማን ይጨነቃል? "መመለሻ" ብንላት ግን ወዲያው "በምን በኩል ነው የሚመለሰው?" ብለን እንጠይቃለን። በክፍል ውስጥ መምህራኖቻችን ነገርን በትክክለኛ ስሙ ጥሩት እያሉ ሲመክሩን ለዜና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለራዲያተርም ነው ለካ።

ጠርሙሱ ላይ ምን ተበላሸ?

በማግስቱ ሞተሩን በሥራው የተመሰገኑ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድነው። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ተከተልኩ። ጋሼ ጠርሙሱን አይተው ሳቁና "አንቺ ልጅ፣ የቱቦውን ጫፍ እይው" አሉኝ። የቱቦው ጫፍ ከፈሳሹ በላይ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ ሲሞቅ ኩላንቱ ወደ ጠርሙሱ ወርዷል፤ ሲበርድ ግን ቱቦው የሳበው ፈሳሽ ሳይሆን አየር ነው። በስትሮ ስትጠጡ ስትሮውን ከለስላሳው በላይ ብታደርጉት የምታገኙት ነፋስ ነው አይደል? ያው ነው።

ታዲያ አንድ ጊዜ 50 ሚሊ ሊትር ቢወጣ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። ችግሩ የገባው አየር ነው። አየሩ ከኩላንቱ ጋር እየተደባለቀ ይዞራል፤ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ሙቀት አይሸከምም። ዳገት ሲመጣ ሞተሩ የባሰ ይግላል፣ ኩላንቱ በየቦታው ይፈላል፣ እንፋሎቱና አረፋው ተጨማሪ ፈሳሽ እየገፋ ወደ ጠርሙሱ ያስወጣል። ሲበርድ ደግሞ በቦታው አየር ይገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ግማሽ የነበረው ጠርሙስ ይሞላል፣ ራዲያተሩ ይጎድላል። ወንድሜ በየቀኑ የሚያየው ጠርሙሱን ብቻ ስለነበረ፣ ብዙ ባየ ቁጥር ደስ ይለው ነበር!

በዚህ ላይ ጠርሙሱ ጎኑ ጠሟል። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ከ70 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይለሰልሳል። ከላይ የጋለ ኩላንት እየገባበት፣ ከጎን ማርሚታ እያቃጠለው እስከዚያች ቀን መቆየቱ ራሱ ይገርማል። ወንድሜ መብራቱን እንዳየ ባያጠፋው ኖሮ ቴስታታው ይጣመም፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠል ነበር። ያ ማለት ደግሞ ለሱ የቤት ኪራይና የልጅ ወተት ማለት ነው።

እንዴት ይለወጥ?

ለዚያ ሞተር የሚሆን አዲስ መመለሻ አርባ ምንጭ ውስጥ አላገኘንም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ ከሌላ ዓይነት ሞተር የተፈታች አሮጌ መመለሻ አስላክን። እሷን ወደኛው ሞተር ለማላመድ ጋሼ የሠሩትን በቅደም ተከተል ልጻፈው። የሚቸግረው ሰው ካለ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ሥርዓቱን መለየት። የራዲያተሩ ክዳን ራዲያተሩ ላይ ከሆነና ከሥሩ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ወደ ዕቃዋ የሚሄድ ከሆነ፣ ዕቃዋ ግፊት የለባትም፤ መለወጥ ይቻላል። የግፊት ክዳኑ በራሷ በዕቃዋ ላይ የተገጠመባቸው ሞተሮችና መኪኖች ግን አሉ። እነዚያ ላይ ዕቃዋ ራሷ ግፊት ትሸከማለች። በሌላ ፕላስቲክ መተካት ማለት ቦምብ መግጠም ነው፤ አይነካም።

ሁለተኛ፣ የዕቃው ዓይነት። የፋብሪካዎቹ መመለሻዎች ሙቀት ከሚችል ወፈር ያለ ፕላስቲክ፣ ብዙ ጊዜ ከፖሊፕሮፒሊን ይሠራሉ። ከሌላ ሞተር የተፈታች ብትሆንም የተሠራችው ለዚሁ ነገር ስለሆነ ከማንኛውም ጠርሙስ ትሻላለች። ውስጧ በሚገባ ይታጠባል፤ ዘይት የነካት ከሆነች ዘይቱ የጎማ ቱቦዎቹን ያበላሻል።

ሦስተኛ፣ መጠኗ። ትርፉ 50 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ ከታችኛው መስመር በላይ የዚያን ሦስትና አራት እጥፍ ባዶ ቦታ ቢኖራት መልካም ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ የሞቀ ቀን የሚወጣው ከስኒ ይበልጣል።

አራተኛ፣ ቱቦው። የራዲያተሩ ቱቦ በዕቃዋ ውስጥ እስከ ታች መድረስና ሁልጊዜ በፈሳሽ ውስጥ መጠመቅ አለበት። ከሥር የምትሳብ ከሆነች ደግሞ ቱቦው ከታች ባለው አፍ ላይ ይገጠማል። ሁለቱም ጫፎች በፋሼታ ይታሰራሉ። በፀጉር ልክ የሆነች ስንጥቅ ሞተሩ ሲሞቅ ላታፈስ ትችላለች፤ ሲበርድ ግን አየር ታስገባለች። አሮጌ ቱቦ ከሆነ መለወጥ ነው።

አምስተኛ፣ መተንፈሻ። ዕቃዋ ከላይ አየር የሚገባባትና የሚወጣባት ቀዳዳ ወይም ቀጭን ቱቦ ያስፈልጋታል። በሲሊኮን ድፍን ካደረጓት ፈሳሹን መልሳ መስጠት አትችልም። የመተንፈሻው ቱቦ ጫፍ ወደ መሬት ይዞር፤ በጎማው ላይ ግን አይሁን፤ ኩላንት ያንሸራትታል።

ስድስተኛ፣ ቦታዋ። ከማርሚታው ራቅ ብላ፣ መሪው ሲዞር በማይነካት፣ ሞተሩ ቢወድቅ ቶሎ በማትመታበት በኩል ትሁን። ጋሼ ከላሜራ ቆርጠው ሁለት ክንድ አበጁላት፤ በሁለት ቡሎን አሰሯት፤ ንዝረቱ እንዳይሰነጥቃት ከሥሯ የከመነዳሪ ቁራጭ አደረጉ። የፈሳሹ ልክ ከውጭ እንዲታይ ፊቷን ወደ ውጭ አዞሩት።

በመጨረሻ ሞተሩ ፍጹም እንደ በረደ ራዲያተሩ እስከ አፉ፣ መመለሻዋ በሁለቱ መስመሮች መካከል ተሞላች። የተሞላውም ከፋብሪካው በታዘዘው ኩላንት ነው። መበጥበጥ የሚያስፈልገው ዓይነት ሲሆን የቧንቧ ውሃ አይመከርም፤ ውስጡ ያለው ማዕድን በጀበና ቂጥ እንደምናየው ዓይነት ነጭ ደለል ይሠራል። የተጣራ ውሃ ይሻላል። ከዚያ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን ጥቂት አስነስተው አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ የጎደለውን ሞልተው ዘጉት።

ከሁሉ የከፋው ስህተት

አሁን የዚህን ጽሑፍ ዋና ምክንያት ልንገራችሁ። መመለሻዋ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ሞተሩ ቤት ቆሞ ነበር። ወንድሜ ያንን የተጣመመ ጠርሙስ ከነኩላንቱ ፈቶ በረንዳው ላይ አስቀመጠው። ልጁ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ ልብስ ሳሰጣ ዞር ብል፣ ሚጣ ጠርሙሱን በሁለት እጇ አቅፋ ክዳኑን በጥርሷ ትታገላለች። "አክስቴ፣ ጁስ!" አለችኝ።

ሮጬ ነጠቅኳት። አልጠጣችም። አፏን አጥቤ፣ ልብሷን አሽትቼ፣ ደጋግሜ ጠይቄ ካረጋገጥኩ በኋላ እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እጄ እየተንቀጠቀጠ ቆየሁ። ኤቲሊን ግላይኮል ይጣፍጣል፤ ቀለሙም ደስ ይላል። ነገር ግን መርዝ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ አሲድነት ተለውጦ ኩላሊትን ያበላሻል፣ ይገድላልም፤ ለሕፃን ደግሞ ጥቂቱ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ የጠጣው ሰው የሰከረ ሊመስል ይችላል ወይም ምንም ላይታይበት ይችላል። ስለዚህ ሰው ከጠጣ "ይለፍለት" ብሎ መጠበቅ፣ ወተት ማጠጣት፣ ማስመለስ አያስፈልግም፤ ዕቃውን ይዞ በፍጥነት ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ሕክምና አለው፤ የሚሠራው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው። ውሻና ድመትም ይልሱታልና መሬት ላይ አይደፋም።

እንግዲህ ሰባተኛው ደንብ የኔ ነው፤ ጋሼም "ይሄንን ከሁሉ በፊት ጻፊው" ብለውኛል። የሰው መጠጫ በሆነ ዕቃ ውስጥ ኩላንት አታድርጉ። ሞተሩ ላይም ቢሆን፣ ጓዳ ውስጥም ቢሆን፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን። የተረፈው በራሱ ጀሪካን፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ምልክቷ

ሥራው ባለቀ ቀን ማታ ወንድሜ በመመለሻዋ ላይ፣ በበረደ ጊዜ ፈሳሹ የነበረበትን ልክ በፕላስተር ምልክት አደረገበት። ጋሼ ያስተማሩት ፈተና ይህ ነው። ሲሞቅ ከምልክቱ በላይ መውጣት አለበት፤ ሲበርድ ወደ ምልክቱ መመለስ አለበት። ወጥቶ ከቀረ ቱቦው አየር ይስባል፣ ወይም ክዳኑ አርጅቷል ማለት ነው። ከምልክቱ በታች እየወረደ ከሄደ ደግሞ የሚያፈስ ቦታ ይፈለጋል። ራዲያተሩንም አልፎ አልፎ፣ በበረደ ጊዜ ብቻ፣ ከፍቶ ማየት ነው። መመለሻዋን ብቻ ማመን ምን እንደሚያደርስ እኛ አይተናል።

በማግስቱ እንደገና ወደ ጨንቻ ወጣን። በዚህ ጊዜ ደረስን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ዶርዜዎች የሠሩትን ጋቢ የገዛሁትም ለጌጥ ሳይሆን ለነፍሴ ነው። እዚያ ስንቆም ፈሳሹ ከፕላስተሩ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ወንድሜ ምንም አልተናገረም፤ ግን ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ አይቶታል።

ማታ አርባ ምንጭ ገባን። ጠዋት ከመኝታዬ ተነሥቼ ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ሞተሩ ሄድኩ። ወንድሜ ቀድሞኝ እዚያው ቆሟል፤ ሚጣ ትከሻው ላይ ናት። ፈሳሹ ፕላስተሩ ላይ ተመልሷል።

ሰላም ሁኑ።